የራዲዮ መቀበያ የመስማት ኃይል በጥቂት ወጪ ስለሚመረመርበት መንገድ

በቅሎ የሚገዛ ሰው በገበያው ሜዳ ላይ ስትሰግር አይቶ ብቻ ዋጋዋን አይከፍልም፤ ዳገቱን ያስወጣታል፤ ቁልቁለቱን ያስወርዳታል፤ እግሯን ያነሣል፤ ጥርሷን ይገልጣል። ለትምህርት ቤት የራዲዮ መቀበያ የሚገዙ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ አያደርጉም። ነጋዴው በከተማ፥ ማሠራጫው ጣቢያ በቀረበበት ስፍራ፥ መቀበያውን ከፍቶ ያሰማቸዋል፤ ድምፁም ወፍራምና ጥሩ ይሆናል፤ እነርሱም ደስ ብሏቸው ከወላጆች የተዋጣውን ገንዘብ ቈጥረው ይሰጣሉ። መቀበያው ከጣቢያው ርቆ ወደሚገኘው መንደር በደረሰ ጊዜ ግን እንደ ዝናብ የሚንሿሿ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ የተናጋሪውም ቃል በውስጡ ይሰጥማል። በዚህ ጊዜ ገንዘቡ ጠፋ ማለት ነው፤ ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳዝነው ልጆቹ ሊሰሙት የሚገባቸው ትምህርት ሳይሰሙት ማለፉ ነው።

ለትምህርት ቤቶች በራዲዮ ትምህርት መስጠት በኢትዮጵያ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነገር ስለ ሆነ፥ መቀበያን መርምሮ መግዛትና መርምሮ ማቆየት የመምህራንና ትምህርት ቤቱን የሚጠብቁ ሽማግሎች ተግባር ነው። በትልልቅ የምርመራ ቤቶች ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀ መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ግን ከብዙ መቀበያዎች ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚገለጸው፥ ያለዚያ መሣሪያ፥ በጥቂት ወጪና በብዙ ትዕግሥት የሚደረገው ምርመራ ነው።

1፤ መቀበያ የሚሠራው ሥራ ምን እንደ ሆነ

ማክስዌል የሚባለው የስኮትላንድ ሊቅ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1865 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ የኤሌክትሪክና የማግኔት ኃይል እንደ ሞገድ ሆኖ በብርሃን ፍጥነት እንደሚሄድ በሒሳብ አስረዳ። የጀርመኑ ሊቅ ኸርትዝም ይህ ነገር እውነት መሆኑን በ1887 እና በ1888 ዓ.ም. ባደረገው ፈተና አሳየ። ከዚያ በኋላ ማርኮኒ ሞገዱን የመልእክት ተሸካሚ አደረገው። በ1935 ዓ.ም. የጣልያን ጦርነት በቀረበ ጊዜም፥ ከኢትዮጵያ በራዲዮ የተላለፈ ቃል ባሕር ተሻግሮ በሩቅ አገር ተሰምቷል።

ሞገዱ ከማሠራጫው ጣቢያ ሲወጣ ብርቱ ነው፤ በራቀ ቍጥር ግን እየሳሳ ይሄዳል። ከሩቅ መጥቶ በአንቴና ሽቦ ላይ የሚያሳድረው የኤሌክትሪክ ግፊት እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የሚለካው በማይክሮቮልት ነው። አንድ ማይክሮቮልት ማለት አንድ ቮልት ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል ከክፍሎቹ አንዱ ነው። በእጅ ፋና ውስጥ የሚገባው አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት እንዳለው ሲታሰብ፥ የዚህ ነገር ማነስ ይገባል። ጥሩ የአጭር ሞገድ መቀበያ ጥቂት ማይክሮቮልት ብቻ ቢያገኝ ቃሉን ለይቶ ያሰማል፤ ደካማው ግን ያንኑ ቃል ለማሰማት አሥር ወይም ሃያ እጥፍ ይፈልጋል። የመስማት ኃይል የሚባለውም ይኸው ነው፤ ይኸውም መቀበያው ቃሉን ለይቶ ለማሰማት የሚበቃው ትንሹ የሞገድ ኃይል ስንት እንደ ሆነ ማወቅ ነው።

2፤ የድምፅ ጉልበትና የመስማት ኃይል የተለያዩ ስለ መሆናቸው

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ነገር ነው። ድምፁ የሚጮኽ መቀበያ ሁሉ የመስማት ኃይል ያለው ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጩኸት የድምፅ ማጉያው ሥራ ነው፤ ማጉያውም ቃሉን ሲያጎላ ከቃሉ ጋር ያለውን የመንሿሿት ድምፅ አብሮ ያጎላል። ይህ የመንሿሿት ድምፅ በዚህ ጽሑፍ «ሁካታ» ይባላል። ጸጥ ባለ ሌሊት ሹክሹክታ ከግቢው ማዶ ይሰማል፤ ከበሮ በሚመታበት ማኅበር መካከል ግን ጎረቤት የሚናገረው አይሰማም። ለሰሚው የሚጠቅመው የቃሉ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ቃሉ ከሁካታው መብለጡ ነው።

ሁካታው ከሁለት ወገን ይመጣል። አንደኛው ከመቀበያው ውስጥ የሚወለደው ነው። ጆንሰንና ናይኩዊስት የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1928 ዓ.ም. በአሜሪካ እንዳስረዱት፥ ሙቀት ያለበት ነገር ሁሉ በውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ ስለሚንቀጠቀጥ ጥቂት ሁካታ ይወልዳል፤ ይህም ፈጽሞ ሊወገድ አይችልም። ጎበዝ ሠራተኛ የሠራው መቀበያ ከዚህ ሌላ ብዙ አይጨምርም፤ በርካሽ የተሠራው ግን ይጨምራል። ሁለተኛው ሁካታ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ እርሱም ከመብረቅ፥ ከሰማይና ሰው ከሠራቸው የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ነው። እንግዲህ ምርመራ ማለት የመቀበያውን የገዛ ሁካታ ከውጭው ሁካታ ለይቶ ማወቅ ነው።

ደግሞ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። የዛሬ መቀበያዎች ብርቱውንና ደካማውን ጣቢያ በአንድ ልክ የሚያሰማ፥ በገዛ ራሱ የሚሠራ የማመጣጠኛ ክፍል አላቸው። ስለዚህ የድምፁን መጉላትና ማነስ በጆሮ ብቻ የሚመዝን ሰው ይታለላል። ዳኝነቱ ሊሰጥ የሚገባው በቃሉ መለየት ነው። ለዚህም በትምህርት ቤት ያለ ወጪ የሚገኝ መንገድ አለ፤ ይኸውም የቃል ጽሕፈት ነው። አምስት ወይም ስድስት ተማሪዎች ከመቀበያው የሚሰሙትን ለሁለት ደቂቃ ይጻፉ፤ የጻፉትም እርስ በርሱ ይተያይ፤ ሁሉም በአንድነት ያገኟቸው ቃላት ብዙ ከሆኑ መቀበያው ለይቶ አሰምቷል፤ እያንዳንዱ የተለያየ ነገር ከጻፈ ግን ቃሉ በሁካታ ተውጧል።

3፤ የመጀመሪያው ምርመራ፤ አንቴናውን መንቀልና መግጠም

የውጭ አንቴና ለሚገጠምበት የአጭር ሞገድ መቀበያ ከሁሉ የቀለለው ምርመራ ይህ ነው። መቀበያው ማንም ጣቢያ በማይናገርበት ስፍራ ላይ ይቁም። መጀመሪያ አንቴናው ተነቅሎ ሁካታው ይሰማ፤ ቀጥሎ አንቴናው ተገጥሞ እንደገና ይሰማ። አንቴናው በተገጠመ ጊዜ ሁካታው ጎልቶ ከጨመረ፥ መቀበያው የሰማዩን ሁካታ ሳይቀር መስማት ችሏልና የገዛ ሁካታው ከውጭው ያነሰ ነው። እንዲህ ከሆነ ከዚህ የበለጠ የመስማት ኃይል ያለው መቀበያ በብዙ ገንዘብ ቢገዛ በዚያ ስፍራ ምንም ጥቅም አይገኝበትም። ለምን ቢባል፥ በአጭር ሞገድ የመብረቅ ሁካታ ከሩቅ አገር እንኳ ስለሚደርስ፥ ቃሉን የሚሸፍነው የመቀበያው ድካም ሳይሆን የሰማዩ ጩኸት ነው።

አንቴናው ሲገጠም ምንም ለውጥ ካልተሰማ ግን ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ አንቴናው መጥፎ ነው፤ ወይ መቀበያው ደንቍሮአል። ይህንም ለመለየት በዚያው አንቴና ላይ ሌላ መቀበያ ይገጠም። ሁለተኛው ከሰማ ጥፋቱ የፊተኛው መቀበያ ነው፤ ሁለተኛውም ካልሰማ ሽቦው፥ መገናኛው ወይም ስፍራው ይመርመር። ከመቀበያው ጋር የሚኖር፥ የሚሳብና የሚገባ ዘንግ ብቻ ያላቸውም መቀበያዎች ዘንጉን በማስገባትና በማውጣት በዚሁ ዓይነት ይመረመራሉ።

4፤ ሁለተኛው ምርመራ፤ መቀበያውን በክብ ሠሌዳ ላይ ማዞር

በመካከለኛ ሞገድ የሚሰሙ ትንንሽ መቀበያዎች አንቴናቸው በውስጣቸው ነው፤ እርሱም ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት፥ ፌራይት የሚባል ጥቁር ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ጐኑን ወደ ጣቢያው ሲያዞር ሙሉውን ይሰማል፤ ጫፉን ወደ ጣቢያው ሲያቀና ግን ይደነቍራል። በዚህ ምክንያት፥ ሞገድን በልክ የሚያደክም ውድ መሣሪያ ሳይገዛ፥ ማዞር ብቻ ያንን ሥራ ይሠራል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በእንጨት ሠሌዳ ላይ ክብ ተሥሎ በዲግሪ ይከፈል። መቀበያው በመካከል ተቀምጦ፥ በቀን የሚሰማ ነገር ግን ብዙ ያልበረታ ጣቢያ ይመረጥለት። ቃሉ ፈጽሞ እስኪጠፋ ወይም እጅግ እስኪያንስ ድረስ በዝግታ ይዞር፤ ያም ስፍራ 0 ተብሎ ምልክት ይደረግበት። ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ እየዞረ ቃሉ ለጽሕፈት እስኪለይ ድረስ ይጠበቅ፤ ስንት ዲግሪ እንደ ዞረም ይጻፍ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም ተደርጎ መካከለኛው ይወሰድ።

ከዜሮው 90 ዲግሪ የዞረ ዘንግ ሙሉውን ኃይል ያገኛል፤ 30 ዲግሪ የዞረ እኩሌታውን፤ ወደ 6 ዲግሪ የዞረ አንድ አሥረኛውን፤ ወደ 3 ዲግሪ የዞረ አንድ ሃያኛውን ያገኛል። እንግዲህ አንዱ መቀበያ በ6 ዲግሪ፥ ሌላው በ12 ዲግሪ ቃሉን ቢለይ፥ የፊተኛው በእኩሌታ ኃይል ያንኑ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ ዲግሪ ላይ ቢገኙ ግን የሚገታቸው የውጭው ሁካታ ሊሆን ይችላልና፥ በዚያ መንደር በዋጋ የሚረክሰውን መግዛት ይበቃል።

ይህ ምርመራ ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊደረግ ይገባል። ፀሐይ ከገባች በኋላ የመካከለኛ ሞገድ ከሰማይ እየተመለሰ በልዩ ልዩ መንገድ ስለሚመጣ፥ ዜሮው ስፍራ ይደበዝዛል፤ ሩቅ ጣቢያዎችም መጥተው ይደባለቃሉ።

5፤ ሦስተኛው ምርመራ፤ አንዱን መቀበያ ለሌላው ምንጭ ማድረግ

አርምስትሮንግ የሚባለው አሜሪካዊ በ1918 ዓ.ም. ባወጣው ዘዴ የሚሠራ መቀበያ፥ ለገዛ ሥራው የሚያስፈልገውን ደካማ ሞገድ በውስጡ ያመነጫል። በዚህ ዓይነት በተሠሩት ብዙዎች የመካከለኛ ሞገድ መቀበያዎች ውስጥ፥ ይህ ሞገድ ጠቋሚው ካለበት ቍጥር በ455 ኪሎ ኸርትዝ ከፍ ይላል። ጠቋሚው በ700 ላይ ቢቆም፥ በውስጡ ያለው ሞገድ በ1155 አካባቢ ነው ማለት ነው። ከእርሱም ጥቂት ወደ ውጭ ስለሚፈስ፥ በአጠገቡ ያለ ሌላ መቀበያ ይሰማዋል።

ስለዚህ ምንጭ የሚሆነው መቀበያ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጠቋሚው በ700 አካባቢ ይቁም። የሚመረመረው መቀበያ ጣቢያ በሌለበት በ1155 አካባቢ ይከፈት። የምንጩ ጠቋሚ በዝግታ ሲነካካ፥ በሚመረመረው መቀበያ ያለው ሁካታ በድንገት ዝቅ ይላል፤ ሞገዱ የተገኘበት ምልክት ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ምንጩ ሳይነካ፥ የሚመረመረው መቀበያ አቅጣጫውን ሳይለውጥ ይራቅ፤ የሁካታው ዝቅታ የጠፋበትም ርቀት በሜትር ይለካ። ቀጥሎ ሌላው መቀበያ በዚያው ስፍራ ይተካ። በጣም አዲስ የሆኑ አንዳንድ መቀበያዎች በሌላ ዘዴ የተሠሩ ስለ ሆነ ምንጭ ሊሆኑ አይችሉም፤ ለዚህ አሮጌው ዓይነት ይሻላል።

በዚህ ቅርብ ርቀት የሞገዱ ኃይል በርቀቱ ሦስተኛ ድርብ ልክ ይቀንሳል፤ ይኸውም ርቀቱ 2 እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አንድ ስምንተኛ ይሆናል፤ 3 እጥፍ ሲሆን አንድ ሃያ ሰባተኛ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ እስከ 1 ሜትር፥ ሌላው እስከ 2 ሜትር ቢሰማ፥ ሁለተኛው ከፊተኛው በ8 እጥፍ የሚያንሰውን ሞገድ ሰምቷል። የርቀቱ አለካክ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በርቀቱ ላይ ከመቶ 10 መሳሳት በኃይሉ ላይ ከመቶ 33 ያህል ያሳስታልና። በአጠገቡም የብረት አልጋ፥ የቆርቆሮ ግድግዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ አይኑር።

6፤ አራተኛው ምርመራ፤ በቍጥር መለካት

ከዚህ የበለጠ እውቀት የሚሹ መምህራን፥ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተባብረው አንድ ማዕበል አመንጪ መሣሪያ ከሙያ ትምህርት ቤት ቢዋሱ፥ ማድከሚያውን በጥቂት ብር ራሳቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ሬዚስተር የሚባለው የኤሌክትሪክን ጉዞ የሚገታ ትንሽ ዕቃ በገበያ ይገኛል። 240 ኦም ያለው አንዱ በመንገዱ ላይ ተዘርግቶ፥ 62 ኦም ያላቸው ሁለቱ በመግቢያውና በመውጫው ከመሬት ሽቦ ጋር ቢያያዙ፥ 50 ኦም በሆነ መስመር ላይ የሚገባውን ግፊት ወደ አንድ አሥረኛ ያወርዱታል። እንዲህ ያሉ 6 ክፍሎች ቢቀጣጠሉ 1 ቮልት 1 ማይክሮቮልት ይሆናል።

ነገር ግን ሞገድ በተሰጠው መንገድ ብቻ አይሄድም፤ ቀዳዳ ካገኘ በጐን ያልፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በተለየ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተዘግቶ፥ ክዳኑ ዙሪያውን በቲን ይበየድ። ሥራው መልካም መሆኑ የሚታወቀው፥ ገመዱ ከመቀበያው ሲነቀል ምልክቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ነው፤ ገመዱ ተነቅሎ ሳለ አሁንም ከተሰማ ቍጥሩ ሁሉ ሐሰት ነው።

ከዚያ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ላይ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ቮልት መለኪያ ይገጠም። በመጀመሪያ ሞገዱ ድምፅ ሳይጫንበት የመለኪያው ቍጥር ይጻፍ፤ ቀጥሎ ድምፅ ተጭኖበት ይጻፍ። ሁለተኛው ቍጥር ከፊተኛው 3 እጥፍ ከጥቂት ትርፍ ጋር የሚሆንበት ትንሹ ግፊት ይፈለግ፤ ሠሪዎች በመጽሐፋቸው 10 ዴሲቤል ብለው የሚጽፉት ይህን ነው። የድምፁ መክፈቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነካ።

7፤ ምርመራን የሚያበላሹ ነገሮች

የደከመ የባትሪ ድንጋይ ጥሩውን መቀበያ ደካማ ያስመስለዋልና፥ ለሚወዳደሩት ሁሉ አዲስ ይግባላቸው። የዛሬ ቍጠባ አምፖል፥ የስልክ መሙያና የፀሐይ ብርሃን ኃይል መቈጣጠሪያ ብዙ ሁካታ ያመነጫሉ። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ያልሰማ መቀበያ ከመኰነኑ በፊት እነዚህ ይጥፉ፤ ወይም መቀበያው ከቤቱ ርቆ በሜዳ ላይ ይሞከር። በክረምት፥ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ከቀትር በኋላ፥ ደመናው ሲያጕረመርም የተደረገ ምርመራ ከበጋው ጋር አይመዛዘንም።

በ88 እና በ108 ሜጋ ኸርትዝ መካከል ለሚሰማው የኤፍ ኤም ራዲዮ ነገሩ ይለያል። በዚያ ከፍታ የመብረቅ ሁካታ ጥቂት ስለ ሆነ የመቀበያው የገዛ ኃይል ይበልጥ ይታያል፤ ነገር ግን ሞገዱ ተራራ ሲጋርደው ስለሚደክም፥ አንዳንድ ጊዜ ከሸለቆው ወደ ጕብታው መውጣት አዲስ መቀበያ ከመግዛት ይሻላል።

8፤ ገንዘቡን የት ማዋል እንዲገባ

ከላይ የተነገረው ሁሉ ወደ አንድ ፍርድ ያደርሳል። ምርመራው የመቀበያውን ድካም ካሳየ መቀበያው ይለወጥ። የአንቴናውን ድካም ካሳየ ግን ከ10 እስከ 20 ሜትር የሚሆን የመዳብ ሽቦ ከፍ ባሉ ሁለት እንጨቶች መካከል ይዘርጋ፤ ውስጣዊ ዘንግ ባለው መቀበያም ላይ የሽቦው ጫፍ በሣጥኑ ዙሪያ ጥቂት ጊዜ ይጠምጠም። ይህ ወጪ ከመቀበያ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ሽቦው ግን ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም በታችም ከቶ አይለፍ፤ ነጐድጓድ ሲሰማም ከመቀበያው ተነቅሎ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ልጆችም እንዳይነኩት ይከልከሉ። መብረቅ በዚያ መንገድ ወደ ክፍል ሊገባ ይችላልና፥ ይህ ትእዛዝ በምንም ምክንያት አይታለፍ።

የተደረገው ምርመራ ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ስፍራው፥ የጣቢያው ቍጥር፥ የባትሪው ዕድሜ፥ የተገኘው ዲግሪ ወይም ርቀት፥ የመረመረውም ሰው ስም አይቅር። አንድ ምርመራ ሦስት ቀን ተደጋግሞ አንድ ዓይነት ፍሬ ካልሰጠ እርግጠኛ ተብሎ አይያዝ። የቸኰለ አፍስሶ ይለቅማል እንደሚባለው፥ በአንድ ቀን ፍርድ የተገዛ መቀበያ በሌላ ቀን ያሳፍራል። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ትምህርት ቤት በሚመጣው ዓመት መቀበያው ሲደክም ድካሙን በቍጥር ያውቃል፤ ሊገዛ የሚሄደውም ሽማግሌ የነጋዴውን ቃል ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ማስረጃ ይዞ ይሄዳል። ተማሪዎቹም ክቡን ሲከፍሉ፥ ርቀቱን ሲለኩና የሰሙትን ሲጽፉ፥ ሒሳብንና ጽሕፈትን በሥራ ይማራሉ፤ መቀበያው ገና ትምህርቱን ሳያሰማቸው አስቀድሞ ራሱ ትምህርት ሆኗቸዋል።